ሰባ አራት ዲግሪ

የበርበሬ ነጋዴው ዳኘው ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ግቢውን ሞልታው ሳለ፣ «መብራቱን አብሩልኝ» አለ። ዓርብ ጠዋት ሞተ። የቡሬ ከተማ ለለቅሶ ወጣች፤ እንባ ያወጣ ግን ጥቂት ነው። ሟቹ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት እየቀላቀለ ስለ ሸጠ፣ ከለቀስተኛው ግማሹ ሆዱ ውስጥ አንዳንድ ግድግዳ ይዞ ነበር የመጣው።

የፍኖተ ሰላሙ ሐኪም «የሜታኖል መርዝ፤ ዓይን አጥፍቶ ይገድላል» ብሎ ጻፈ። ሳጅን ቸኮለ ወረቀቱን ገልብጦም አቃንቶም አየው፤ አልገባውም። ሰው መያዝ ግን ያውቅበታል። በዳኘው ግቢ ውስጥ መኪና የሚጠግነውን ሰይፈን በካቴና አሰረው። ሰይፈ፣ መንገድ ሲሠሩ የነበሩ ፈረንጆች ጥለውለት የሄዷት፣ ድመት የምታህል በሪሞት የምትነዳ መኪና አለችው። የምትጠጣው ነዳጅ ናይትሮ ይባላል፤ መልኩ ውሃ፣ ውስጡ ሜታኖልና የጉሎ ዘይት ነው። መርዙ የሱ ከሆነ ገዳዩም እሱ ነው፤ ሰኞ ፍርድ ቤት ሊቀርብ፣ ዕድሜውን እስር ቤት ሊጨርስ ነው።

እሁድ ጠዋት ኢንስፔክተር አምለሰት ከዞን መጣች። በ2002 ዓ.ም. ያንን ጨረቃ የመሰለ ጉድጓዳም መንገድ በሞተር ሳይክል አቋርጣ ስትደርስ፣ ፊቷ ላይ ያለው አቧራ ለአንድ ቋት ጤፍ መዝሪያ ይበቃ ነበር።

«ጋሼ ዳኘውን ገደልህ?» አለችው ሰይፈን።

«እሳቸው ናቸው ያሳደጉኝ። ይልቅ ሞተሬን ያበላሸው ሰው ይፈለግልኝ።»

«የሰው ገዳይ ስፈልግ አንተ የአሻንጉሊት ገዳይ ታመጣብኛለህ?»

«ደብተሬን ይዩት።»

በየቀኑ መኪናዋን አስነስቶ፣ ሽጉጥ በምትመስል የሙቀት መለኪያ የሞተሩን ራስ ለክቶ ይጽፋል። እሁድ 112 ዲግሪ፤ ሰኞ 110፤ ማክሰኞ አመሻሽ 111። ረቡዕ ጠዋት 74፣ ነጭ ጭስ፣ ሳል።

«የነዳጁን መቆጣጠሪያ ብሎን አላልተኸው ይሆናላ» አለች አምለሰት።

«አልነካሁትም። ብሎኑ ሲጠብቅ ነዳጅ ያንሳል፣ ሞተሩ ይግላል። ሲላላ ነዳጅ ይበዛል፤ ይበርዳል፣ ይጨሳል። ሳይነካ ወረደ። ያን ዕለት የጋሼ ጉንፋን ተጋብቶብኝ፣ አፍንጫዬ ተደፍኖ፣ ምክንያቱን ስፈልግ ዋልሁ፤ በማግስቱ ጋሼ ታመሙና አላስነሳኋትም።»

«የነዳጁ ጠርሙስ ላይ ያለው መስመርስ?»

«ነዳጁ እዚህ አይገኝም። ተጠቅሜ ስጨርስ የቀረውን በእስክርቢቶ አሰምርበታለሁ። ረቡዕም መስመሩ ላይ ነበር።»

አምለሰት ጋራዡ ውስጥ ጠርሙሱ የተቀመጠበትን ቁልፍ የሌለው መደርደሪያ ዳበሰች። ከኋላው ሁለት የተቃጠሉ ክብሪቶችና አንድ ዘይት የደረቀባት ማንኪያ አገኘች።

የሟች ሚስት ወይዘሮ አቻምየለሽ አረቄ አውጪ ናቸው። «ሰኞ ለእህቴ ልጅ ክርስትና ሽንዲ ሄድሁ፤ ሐሙስ ደውለው ነው የጠሩኝ። ጉንፋን ይዞት ስለነበር ነጭ ሽንኩርት የዘፈዘፍሁበት አረቄ ትቼለት ነበር» አሉ። «ልጅ የለንም። ግቢውን በሰይፈ ስም ልናዞር ለዓርብ ቀጠሮ ይዘን ነበር።»

«አረቄዎ ጥሩ መሆኑን በምን ያውቃሉ?»

«ማንኪያ ላይ አድርጌ ክብሪት እጭርበታለሁ። ከነደደ ጥሩ ነው። ይህን የማያውቅ አለ?»

የሟች ታናሽ ወንድም ገነነ የወረዳ ካቢኔ ነው፤ ለቅሶ ቤትም ቢሆን እንደ መድረክ ሰብሳቢ ነው የሚቀመጠው። «እህት ዓለም፣ እኔ ከማክሰኞ ቀትር እስከ ሐሙስ ማታ ፍኖተ ሰላም የመልካም አስተዳደር ስብሰባ ላይ ነበርሁ» አለ። «ወንድሜን የጨረሰው ይህ ሥራ ፈት ነው። ነጭ ጭስ እየተፋች እንደ ሳንባ በሽተኛ የምትስል አሻንጉሊት ታቅፎ የሚውል ሰው ምን ይጠበቅበታል?»

«እውነትዎን ነው» አለችና ጻፈችው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ጋራዡ በር ላይ ሰበሰበች። የሰይፈን ካቴና አስፈታች። «አስነሳት።»

ሰይፈ ገመዱን ሳበ። መኪናዋ ሳለች፣ ነጭ ጭስ ተፋች፤ ግቢው በነጭ ሽንኩርት ሽታ ታጠነ። ሳጅን ቸኮለ አፍንጫውን ይዞ፣ «ወጥ ነው እንዴ የምትጠጣው?» አለ።

«ዛሬ ገና ትክክለኛ ጥያቄ ጠየቅህ» አለች አምለሰት። «የጋሼ ዳኘውን አረቄ ነው የምትጠጣው። ገዳዩ ከዚህ ጠርሙስ ነዳጅ ወስዶ አረቄው ውስጥ ጨመረ፤ ነጭ ሽንኩርቱ ሽታውን ሸፈነለት። ነዳጁ ከመስመሩ እንዳይጎድል ደግሞ በምትኩ አረቄ ሞላበት። ሰይፈ ቢሆን የገዛ መስመሩን ማታለል ለምን ያስፈልገዋል? ሞተሩ እንደሚበርድስ ያውቅ የለም? ገዳዩ ግን በማንኪያ ሞከረ፤ ነዳጁም ነደደ፣ አረቄውም ነደደ። የነደደ ሁሉ አንድ መሰለው።»

«መቼ ሆነ?» አሉ አቻምየለሽ።

«ደብተሩ ይናገራል። ማክሰኞ አመሻሽ 111፣ ረቡዕ ጠዋት 74። በመካከሉ ነው። እርስዎ ሽንዲ ነበሩ፤ የክርስትናው ቄስ በስልክ መስክረዋል።» ወደ ገነነ ዞረች፤ «እርስዎ» ማለቱንም እዚያው ተወችው። «ይህች መኪና በሕይወቷ ከዛሬ በፊት ነጭ ጭስ ተፍታ የሳለችው ረቡዕ ብቻ ነው። አንተ ፍኖተ ሰላም ሆነህ ሳሏን ከየት ሰማኸው?»

«ስብሰባው ላይ ፈርሜያለሁ።»

«እዚያ ለአበል ሙትም ይፈርማል። ማክሰኞ ፈርመህ ተመለስህ። መርዙ ወንድምህን ይገድላል፤ ጠርሙሱ ሰይፈን ያሳስራል፤ ግቢው ዓርብ ለሰይፈ ሳይዞር የወንድምህ ድርሻ ላንተ ይቀራል። ቅልቅል የቤተሰብ ሙያችሁ ነው፤ ወንድምህ ግን በሠላሳ ዓመት አልተያዘም፣ የአንተን የአንድ ሌሊት ቅልቅል ድመት የምታህል መኪና አጋለጠችው።»

ገነነ ስለ ልማት ሊናገር ይመስል ጉሮሮውን ጠረገ። ሳጅን ቸኮለ ካቴናውን ይዞ ሲቀርበው፣ ከልማዱ የተነሣ ይቅርታ ጠየቀው።

ሰይፈ አላመሰገነም። መኪናዋ አጠገብ ተንበርክኮ መለኪያውን ደገነ፤ ከዚያ ደብተሩ ላይ ጻፈ፦ «እሁድ። 73። ብሎኑ አልተነካም።»