አቶ ላቀው የጠየቁ ዕለት

ዘሚካኤል ወደ ማኅበሩ ቢሮ የመጣው በጥቅምት መጀመሪያ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ቡሬ ውስጥ የወፍጮ ሞተር እየጠገነ የሚተዳደር ሰው ነው። እጁን ታጥቦ ቢመጣም ጥፍሮቹ ሥር የቀረው ግራሶ ይታይ ነበር። ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ሕክምና ያቃተውን ሕመምተኛ ቤቱ ድረስ እየሄደ የሚያስታምም ማኅበር መኖሩን የሰማው ከሆስፒታል ነው።

ማኅበሩ ሁለት ነርሶችና አሥራ አንድ በጎ ፈቃደኞች ነበሩት። ያን ጠዋት ዘሚካኤልን የተቀበለችው ነርስ ሥርጉት ትባላለች። የደምበጫ ልጅ ናት፤ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር። ወንበር ብታሳየውም አልተቀመጠም። አባቱ አቶ ላቀው ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬ መሆናቸውን፣ የጉበት ካንሰር እንደተገኘባቸውና ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ቤታቸው ይረፉ ብለው እንደመለሷቸው ቆሞ ነገራት።

ከዚያ ልመናውን አስከተለ። አባቱ የሚያውቁት ሕመማቸው ጨጓራ መሆኑን ነው፤ እንደዚያው እንዲቀር ይፈልጋል። ነጭ ገዋን ለብሳ እንዳትመጣም ለመናት። ገዋኑን ያየ ጎረቤት ሁሉን ነገር ይረዳል።

ሥርጉት እንዲህ ያለውን ልመና ከብዙ ቤተሰብ ሰምታለች። ገዋኗን ከቦርሳዋ እንደማታወጣ ቃል ገባችለት። በሌላው ላይ ግን አቋሟን ነገረችው።

«ሳይጠይቁኝ አልነግራቸውም» አለችው። «ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም።»

ዘሚካኤል ጥቂት አሰበ። «አባየ አይጠይቁም» አላት። በዚህ ተስማሙ።

ሰኞና ሐሙስ የአቶ ላቀው ቀን ሆነ። ሰኞ ሰኞ እታተ ተናኜ አብራት ትመጣለች። እታተ ተናኜ ባሏን ሁለት ዓመት አስታምማ የቀበረች፣ ሕመምተኛ ማጠብና ማገላበጥ ከማንም በላይ የምታውቅ በጎ ፈቃደኛ ናት። ሐሙስ ሌላ ቤት ስለምትሄድ ሥርጉት ለብቻዋ ነው። ዘሚካኤል ሥራውን ለጓደኛው ትቶ አባቱ ጋ ከርሟልና፣ ማንኩሳ አስፋልት ላይ በሞተር ብስክሌቱ ይጠብቃታል፤ ከዚያ እስከ ቤቱ የሃያ ደቂቃ ጥርጊያ መንገድ ነው።

አቶ ላቀው ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። መጀመሪያ ቀን ሥርጉት ያገኘቻቸው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው ነው። ሕመሙ ካላስተኛቸው ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ስላለፈ የሚያስታምማቸው ልጃቸው ብቻ ነው። ሥርጉት ከባድ ሕመም የሚያስታግሰውን የሞርፊን ሽሮፕ በትንሿ መለኪያ እንዴት እንደሚሰጥ ለዘሚካኤል አሳየችው። በሦስተኛው ቀን አቶ ላቀው ተኙ። ሲነቁ ወደ ደጅ አውጡኝ ብለው፣ የተሰጣውን በርበሬ እያዩ ፀሐይ ሞቁ።

ሥርጉት ብዙ አስታማሚ አይታለች፤ አንዳንዱ ይሸሻል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል። ዘሚካኤል ሳይነገረው ውሃ አሙቆ ይጠብቃል። አባቱ ተደግፈው እንዲቀመጡ ከሣንቃ መደገፊያ ሠራላቸው፤ ጠርዙ እንዳይወጋቸው በጨርቅ ጠቀለለው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አይናገርም። ሥርጉት መድኃኒቱን እየመዘገበች ቀና ስትል ዓይኑን ታገኘዋለች፤ ቶሎ ወደ አባቱ ይመልሰዋል።

አንድ ሐሙስ ሲመለሱ ዝናብ መንገዱን አበላሸው። ሞተሩ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። እሱ ከፊት እየጎተተ እሷ ከኋላ እየገፋች ሲያወጡት፣ እስከዚያ ድረስ «ሲስተር» እና «እርስዎ» ይላት የነበረው ሰው፣ «እጅሽን እንዳያቃጥልሽ፣ ጭስ ማውጫውን አትንኪው» አላት። ሁለቱም ሰሙት፤ አንዳቸውም አላረሙትም።

አስፋልቱ ላይ ደርሰው ጎን ለጎን ቆሙ። የፍኖተ ሰላም ሚኒባስ መጣ፤ ሥርጉት እጇን ሳትዘረጋ አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። ስለ ወፍጮ ጠየቀችው፤ ስለ ደምበጫ ጠየቃት። በሦስተኛው ሄደች።

ከዚያ በኋላ የሐሙስ መንገድ ረዘመ። በኅዳር አጋማሽ፣ ሁለቱም በአፋቸው ባይሉትም፣ አንዳቸው ለሌላው ምን እንደሆኑ ያውቁ ነበር።

በዚያው ወር አንድ ሐሙስ ዘሚካኤል ለሞተሩ ነዳጅ ሊያመጣ ማንኩሳ ሄደ። ቤቱ ውስጥ ሥርጉትና አቶ ላቀው ብቻ ቀሩ። የእግራቸውን እብጠት እያየች ሳለ ሰውየው ዝግ ባለ ድምፃቸው አናገሯት።

«ልጄ፣ ፈረስ ቤት ከተማ አንዲት እህት አለችኝ። እናታችን የምትቀበርበት ቦታ ላይ ተጣልተን አሥራ አራት ዓመት አልተነጋገርንም። ልጠራት አስቤ ነበር። ለገና ልጥራት ወይስ ለፋሲካ?»

ሥርጉት ጥያቄው ስለ በዓል እንዳልሆነ ገባት። ገና ሊገባ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። እጇን ከእግራቸው ሳታነሣ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ገናንም አይጠብቁ፣ አባባ» አለች። «አሁን ያስጠሯት።»

«ጨጓራ አይደለማ።»

«አይደለም።»

አቶ ላቀው ራሳቸውን ነቀነቁ። አልደነገጡም። ስለ ልጃቸው ጥቂት ነገር አጫወቷት፤ ከዚያ ጋቢያቸውን ሳብ አድርገው ለበሱ።

ዘሚካኤል ሲመለስ ነገሩን የነገሩት ራሳቸው ናቸው። ቀናቸው ማጠሩን እንዳወቁ፣ ነገ በጠዋት ወደ እህታቸው ወደ ሀብትነሽ ሰው እንዲልክ አዘዙት። ዘሚካኤል እሺ አለ። ሥርጉትን አላያትም።

እንደ ወትሮው በሞተር አድርሷት አስፋልቱ ላይ ወረዱ። አልጮኸም።

«አምኜሽ ነበር» አላት።

«ጠየቁኝ፣ ዘሚካኤል። ውላችን ይኸው ነበር።»

«ቢጠይቁሽስ? እስክመጣ መጠበቅ አቃተሽ? አባየ እኔ በሌለሁበት ነው ሞታቸውን የሰሙ።»

የመጀመሪያው ሚኒባስ ሲመጣ ገባች። በማግስቱ ወደ ቢሮው ደውሎ ሌላ ነርስ እንዲላክለት ጠየቀ። የሥራ ባልደረባዋ ጌታሁን ሄደ።

የቀረውን ሥርጉት የሰማችው ከእታተ ተናኜ ነው። ሀብትነሽ ከፈረስ ቤት የተነሣችው መልእክቱ በደረሳት ቀን ነበር፤ መንገድ በመዘጋቱ መኪና ባታገኝም አልተመለሰችም። ስድሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ግማሹን በበቅሎ፣ ግማሹን በእግሯ ሦስት ቀን ተጉዛ ደረሰች። በሩ ላይ ስትቆም አቶ ላቀው መጀመሪያ ያሏት «እግርሽ አበጠ» ነው። ሙቅ ውሃ አምጡላት ብለው አዘዙ። ሁለት ቀን ሙሉ ስለ እናታቸው ሲያወሩ ቆዩ፤ አንዳንዴም ሲስቁ እታተ ተናኜ ደጅ ሆና ሰምታለች። አቶ ላቀው እህታቸው በመጣች በዘጠነኛው ቀን ዐረፉ።

ሥርጉት ቀብር ሄደች። ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ አለቀሰች፤ ማንም ለምን እንደሆነ አልጠየቃትም። ዘሚካኤል አይቷታል፤ አልቀረባትም።

አርባው በወጣ ሳምንት ዘሚካኤል ቢሮው መጣ። የመጣው ወደ እሷ አልነበረም፤ በጎ ፈቃደኛ ልሁን ብሎ ነው። ሞተር ብስክሌት ስላለው ቡሬ አካባቢ ያሉ ሕመምተኞች ተሰጡት። እታተ ተናኜ ሰው ሳያሳምሙ እንዴት እንደሚያገላብጡ አስተማረችው። ቅዳሜና እሑድ ይዞራል፤ መድኃኒት ያደርሳል፤ የወንዶቹን ገላ ያጥባል። በወሩ ስብሰባ ላይ ከሥርጉት ጋር በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። «ሲስተር» እና «እርስዎ» ተመልሰው መጡ። ሰባት ወር እንዲህ ሄደ።

በዚህ መሐል የሥርጉት እናት ከደምበጫ ይደውላሉ። ባሕር ዳር መድኃኒት ቤት ያለው አንድ ሰው ሽማግሌ ሊልክ ይፈልጋል። ለእሷም እዚያው ሥራ አይጠፋም። ሰፈሩ ልጃቸውን የሞት ነርስ ሲላት መስማት ሰልችቷቸዋል። ለመስከረም መልስ ስጪ አሏት። ሥርጉት እሺም እንቢም አላለችም።

በነሐሴ፣ ከዘሚካኤል ሕመምተኞች አንዷ፣ ያምሮት የምትባል የቡሬ ልብስ ሰፊ፣ እድናለሁ ወይ ብላ ጠየቀችው። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የጡት ካንሰር ነበረባት። ባሏ እንዳይነገራት ሁሉንም አስጠንቅቋል። ዘሚካኤል የምትመልስልሽን ሰው ልጥራልሽ ብሏት ወጣ፤ ደጅ ሆኖ ለሥርጉት ደወለ። ለብዙ ወራት ያልደወለበት ቁጥር ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ቡሬ ደረሰች።

ሥርጉት መጀመሪያ የሄደችው ወደ ባልየው ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል አነጋገረችው። ከዚያ ሦስቱም አብረው ገቡ። ሥርጉት ስትናገር ባልየው የሚስቱን እጅ ይዞ ነበር። መጨረሻ ላይ ያምሮት፣ ይኼን ሁሉ ጊዜ እናንተ እንዳትደነግጡ ብዬ እኔ ስደብቅ ከርሜአለሁ አለቻቸው።

ሥርጉትና ዘሚካኤል ወጥተው መናኸሪያው ድረስ በእግራቸው ሄዱ። ሱቅ በር ላይ ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የተናገረው ዘሚካኤል ነው።

«ያኔ የተናደድኩት አባየ በማወቃቸው አልነበረም። የጠየቁት አንቺን መሆኑ ነው። ልጃቸው እያለሁ።»

ሥርጉት ወደ እሱ ዞረች። «ያን ቀን ስለ አንተ ያሉት አለ» አለችው። «‘ልጄ ከሆስፒታሉ ጀምሮ ያውቃል፤ ፊቱ ላይ አየዋለሁ። ግን ከእሱ አፍ እንዲወጣ አልፈልግም። ዕድሜውን ሙሉ አባቴን ትሞታለህ ያልኩት እኔ ነኝ እያለ ይኖራል። ስለዚህ አንቺን ጠየቅሁ’ አሉኝ።»

የሚኒባስ ረዳት ባሕር ዳር፣ ባሕር ዳር እያለ በፊታቸው አለፈ። ዘሚካኤል በመዳፉ ፊቱን ሸፈነ። እሷም አልነካችውም፤ ለቅሶው እስኪያባራ ጠበቀችው።

«ይኼን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አላስጠጋኸኝም። እኔም አፍሬ ነበር። አንተን መጥራት ነበረብኝ፤ እሱ ጥፋቴ ነው። ለያምሮት ባል ያደረግሁትን ያኔ ለአንተ ማድረግ ነበረብኝ።»

ዘሚካኤል ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ፣ እታተ ተናኜ የነገረችውን ጠየቃት።

«ባሕር ዳር ትሄጃለሽ ወይ?»

«አንተ ምን ትላለህ?»

«አትሂጂ።»

በዚያው ሳምንት ሥርጉት ወደ እናቷ ደውላ የባሕር ዳሩ ሰው እንዳይጠብቅ ነገረቻቸው።

ዘሚካኤል የአባቱ ሙት ዓመት ሳይወጣ ሽማግሌ አልላከም። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ደምበጫ ሄዱ። ሀብትነሽም ሳትጠራ ከፈረስ ቤት ወርዳ አራተኛ ሆና ገባች። የሥርጉት አባት ቄስ ወልደ ዮሐንስ ልጃቸውን ለወፍጮ ጠጋኝ ለመስጠት እንዳመነቱ ፊታቸው ይናገር ነበር። ስለ ልጁ ዘርና ሙያ ተጠይቆ ከተመለሰ በኋላ ሀብትነሽ ፈቃድ ጠይቃ ተነሣች።

«አባ፣ እኔ ስለ ልጁ ልናገር አልመጣሁም» አለች። «ወንድሜን በአካለ ሥጋ ያገኘሁት በእርስዎ ልጅ ምክንያት ነው። ገናን ጠብቄ ቢሆን ኖሮ የማገኘው መቃብሩን ነበር። ይኼንን ለወላጆቿ ሳልናገር ብሞት ዕዳ ይሆንብኛል።»

ቄስ ወልደ ዮሐንስ ልጃቸው ምን እንደምትሠራ በዝርዝር የሰሙት ያን ዕለት ነው። መስቀላቸውን አገላብጠው እግዜር ይፍቀደው አሉ።

ሠርጉ ጥር አጋማሽ ደምበጫ ላይ ሆነ። ያምሮት ተጠርታ ነበር፤ ግን ከአልጋ መነሣት ካቃታት ቆይቷል። ሙሽሮቹ መልሱ በተጠናቀቀ ማግስት፣ ከሰዓት በኋላ ቡሬ ወረዱ። ሥርጉት ገዋኗን አልያዘችም፤ እጇ ከነእንሶስላው ቀይ ነው። ያምሮት የሥርጉትን እጅ ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየችው፣ ቀሚሱን ማን እንደሰፋላት ጠየቀች፤ ከዚያ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምሩልኝ አለቻቸው።

ዘሚካኤል ከቤታቸው ከተነሡበት ሰዓት ጀመረ። ሥርጉት የሙሽራ መኪና ተብሎ የመጣው ምን እንደሚመስል ነገረቻት። ሀብትነሽ በሰባ ሰው ፊት እንዴት እንደጨፈረች እሱ ሲናገር፣ ሥርጉት ትከሻዋን በማሳየት አገዘችው። አባቷ ሲመርቁ ድምፃቸው እንደተቆረጠ ስትናገር እሱ ከቆሙበት እንደገና እንደጀመሩ ጨመረ። ያምሮት ዓይኗን ጨፍና ትሰማ ነበር። መልሱ ጋ ሲደርሱ ትንፋሿ ረዘመ፤ እንቅልፍ ወሰዳት።

ሁለቱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ እንጂ አላቋረጡም። እስከ መጨረሻው ነገሯት።