አንብብልኝ የሚለው ቁልፍ

«ራዲዮ! የት አለች ራዲዮ? ነይ ውጪ!» አሉ የንባብ መምህሩ።

ክፍሉ በጭብጨባ ቀለጠ። ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር የተለቀቀው የሰባተኛ ክፍል ዝርዝር አናት ላይ ያለችው እሷ ናት፤ ዘጠና ስድስት ነጥብ፣ ከጎኑ አረንጓዴ ኮከብ። ራዲዮ ከወንበሯ አልተነሳችም።

«ኧረ ተነሺ፣ ሽልማት ነው እንጂ መርፌ አይደለም!» አላት ከኋላዋ የሚቀመጠው ጓደኛዋ ጭራሮ። ሁሉም ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀችና ወደ ፊት ወጣች።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ራዲዮ ማንበብ አትችልም። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ብትጠየቅ ትመልሳለች፤ ጉዱ የሚፈላው ተሰብስበው ሲመጡባት ነው። ወደዚህ ትምህርት ቤት የገባችው አምስተኛ ክፍል ላይ ነበር። የትምህርት ቤቱ ቋንቋ የቤቷ ቋንቋ አይደለም፤ ግን በአራት ወር ውስጥ ከነቀልዱ ከነስድቡ በጆሮዋ ለቀመችው። ራዲዮ የሚለው ስምም የወጣላት ያኔ ነው፤ የሰማችውን ሁሉ ሳታዛንፍ መልሳ ስለምትለቀው። እንዲህ አፏ የተፈታ ልጅ ማንበብ ያቅታታል ብሎ ማን ይጠርጥር?

መደበቂያ የሆናት ታብሌቱ ነው። የንባብ ፕሮግራሙ ላይ የጆሮ ምስል ያለበት «አንብብልኝ» የሚባል ቁልፍ አለ፤ ቋንቋው ለከበዳቸው አዲስ ተማሪዎች ተብሎ የተቀመጠ። ራዲዮ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ውስጥ ወትፋ አንዱን ጽሑፍ አራት ጊዜ ታዳምጠዋለች። ከዚያ መቅጃውን ተጭና በቃሏ ትወጣዋለች፤ ነጠላ ሰረዝ ያለበት ቦታ ትንፋሿን እየሳበች፣ ጥያቄው ላይ ድምፅዋን ከፍ እያደረገች። ታብሌቱ አረንጓዴ ያበራል። ፈተናውም እዚያው ላይ ስለሆነ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልባነነባትም።

«አረንጓዴ ኮከብ ያላችሁ ልጆች ከዛሬ ጀምሮ ለሁለተኛ ክፍሎች የንባብ አጋር ትሆናላችሁ» አሉ መምህሩ። «የማጣምራችሁ ቤታችሁ በምትናገሩት ቋንቋ ነው። ያልገባቸውን በዚያው ታስረዷቸዋላችሁ።» ይህን ብለው ቀጭን የወረቀት መጽሐፍ እጇ ላይ አኖሩላት።

ራዲዮ ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረገች። ወረቀት ደግሞ ቁልፍ የለውም። የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ ድምፅ ብቻ እስኪሰማት ድረስ ፈራች።

የደረሰቻት ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው። ከትንሽነቷ የተነሳ ሁሉም ሚጢጢ ይላታል። የላይ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ አገር ከለወጠች ገና አምስት ወሯ ነው። ንባብ ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ መደርደሪያዎች መሃል፣ ምንጣፉ ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ። በየጥጉ ሌሎች ጥንዶች በየቋንቋቸው ያንሾካሹካሉ።

ሚጢጢ መጽሐፉን ከፍታ ጣቷን የመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፈች። «እታለም፣ እዚህ ጋ ምን ይላል?»

ራዲዮ መስመሩን አየችው፤ ፊደሎቹ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ተራወጡባት። ሥዕሉን አየችው፤ ውሻ፣ ጃንጥላ የያዘች ሴትዮ፣ ጀልባ። ዐይኗን በጨው አጥባ፣ «ሴትዮዋ ውሻዋ ጠፋባት ይላል» አለች።

«ወይኔ! ከዚያስ?»

ከዚያማ አንዴ ገብታበታለች። ውሻው በጀልባ ተሳፍሮ ሲሄድ፣ ሴትዮዋ በጃንጥላዋ እየቀዘፈች ስትከተለው፣ ራዲዮ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተረከች። ታሪኩን በትምህርት ቤቱ ቋንቋ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር አስጠናቻት፤ ትርጉሙን ደግሞ በቤታቸው ቋንቋ እየነገረቻት። መምህሩ በአጠገባቸው ባለፉ ቁጥር ቶሎ ወደ ቤታቸው ቋንቋ ትገለበጣለች። እሳቸው ከዚያ ቋንቋ አንድም ቃል አይሰሙም። «ጎበዝ! ቀጥሉ» ብለው ፈገግ ይላሉ። ያ ፈገግታቸው ከቁጣ ይልቅ ያስፈራት ነበር።

ቤትም ቢሆን ማምለጫ አልነበራትም። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። የዝርዝሩን ፎቶ አሳጥባ ከስፌት መኪናዋ በላይ ለጥፋዋለች። ልኩን ሊያስለካ የቆመ ደንበኛ ሁሉ ሳይወድ በግዱ ያየዋል።

«ልጄ እኮ ናት» ትላለች እናቷ፣ አፏ ላይ የያዘቻቸውን መርፌዎች ሳታወጣ። «በማታውቀው ቋንቋ አንደኛ!»

ራዲዮ ያን ሰዓት ውሃ ልትጠጣ ትነሳለች። አምና አንድ የክፍሏ ልጅ ማንበብ እንደማይችል ሲታወቅ ሁለት ክፍል ዝቅ ብሎ ትከሻው ድረስ ከሚደርሱ ሕፃናት ጋር ተቀምጧል። እሷም እዚያ ስትቀመጥ፣ እናቷ ያንን ፎቶ ከግድግዳው ስትልጠው ይታያታል።

በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት መምህሩ ታብሌቶች ተሸክመው ንባብ ክፍሉ ገቡ። «ዛሬ ትንንሾቹ መጽሐፋቸውን አንብበው ይቀዳሉ። አንብብልኝ የሚለውን ዘግቼዋለሁ። ሦስት ጊዜ ቀይ ያመጣ ልጅ ወደ አንደኛ ክፍል የንባብ ቡድን ይመለሳል።»

ራዲዮ ክው አለች። ሆዴን አመመኝ ብላ ልትወጣ አሰበች፤ ሚጢጢ ግን እጅጌዋን ጨምድዳ ይዛታለች።

ሚጢጢ መቅጃውን ተጫነች። መጽሐፉን ከፈተች እንጂ አላየችውም። ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ሴትዮዋን፣ ውሻውን፣ ጀልባውን አንድም ሳትስት አወረደችው። ልክ ነጠላ ሰረዝ ያለ ይመስል ትንፋሿን ሳበች፤ ጥያቄው ላይ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ራዲዮ ስታያት ሰቀጠጣት። ልጅቷ ቁርጥ እሷን ሆናለች።

ቀይ በራ።

ሚጢጢ ግንባሯን ቋጥራ እንደገና ጀመረች፤ አሁን ጮክ ብላ። ቀይ።

«ይሄ ነገር ተበላሽቷል» አለች በቤታቸው ቋንቋ፣ ታብሌቱን ወደ ራዲዮ እየገፋች። «እታለም፣ እስቲ አንቺ ንገሪው። ልክ ነኝ አይደል? ንገሪውና!»

መምህሩ ጩኸቷን ሰምተው መጡ፤ ምንጣፉ ዳር ተንበረከኩና ስክሪኑን አዩ። «ሁለቴ ቀይ? ከመጽሐፉ አንድም መስመር የላትም እኮ። ራዲዮ፣ ልጅቷ አላጠናችም እንዴ?»

አጠገባቸው ከተጣመረለት ትንሽ ልጅ ጋር የተቀመጠው ጭራሮ ዘወር ብሎ በሹክሹክታ፣ «አላጠናችም በያቸው እንጂ፣ ምን ያስጨንቅሻል?» አላት።

ምን ያስጨንቃታል? አንገቷን አንዴ ብታወዛውዝ ያበቃ ነበር። ኮከቡም ይቀመጣል፣ ፎቶውም አይነሳም። ሚጢጢ ከአንደኛ ክፍሎቹ ጋር ብትቀመጥ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ትረሳዋለች። የተጠየቀውን በደንብ ያልተረዳችው ሚጢጢ ደግሞ ቀና ብላ ታያታለች፤ አሁን መምህሩን ልክ ልካቸውን ትነግርልኛለች ብላ፣ በወለቀ ጥርሷ ፈገግ እንዳለች። ይሄ ፈገግታ አንጀቷን በላት።

ራዲዮ ወደ መምህሩ ዞረች።

«አጥንታለች፣ ቲቸር።»

«ታዲያ ታብሌቱ ነው?»

«ታብሌቱም ደህና ነው።» ድምፅዋ ቀጥኖ የራሷ አልመስል አላት። «ያጠናችው እኔ የነገርኳትን ነው። እኔ ደግሞ… ከሥዕሉ ላይ ፈጥሬ ነው። ማንበብ አልችልም።»

ጭራሮ ሊስቅ አፉን ከፍቶ ፊቷን ሲያይ ዘጋው።

ራዲዮ የመምህሩን ቁጣ ጠበቀች፤ አልመጣም፤ አለመምጣቱም አላረጋጋትም። እሳቸው ሦስተኛው ሳይቀዳ ታብሌቱን ዘጉና ብብታቸው ሥር አደረጉት።

«ከእረፍት በኋላ ቢሮ እንገናኝ» አሉ ቀስ ብለው። «እናትሽም መምጣት ይኖርባቸዋል።»

«እሺ።»

እሳቸው ሄዱ። ከእረፍቱ በፊት ሃያ ደቂቃ አለ። ተነስታ መጸዳጃ ቤት ገብታ ልትቀረቀርበት ትችላለች። ሚጢጢ እጅጌዋን ጎተት አደረገቻት።

«ምን አልሻቸው? ታብሌቱ ተሠራ?»

ራዲዮ በሩን አየች። ከዚያ መጽሐፉን ከምንጣፉ ላይ አንስታ ጭናቸው መሃል ዘረጋችው፤ የመጀመሪያውን ገጽ። ጭራሮ እየሰማ እንደሆነ ታውቃለች፤ ሌሎቹም። ፊቷ በእፍረት ጋለ።

«ው…ሻ…» አለች። «ውሻው። የ…ማ… የማን… የማንም።» እዚህ ጋ ቆመች፤ ጠፍቷት ወደ ኋላ ተመለሰች፤ እንደገና ጀመረች። «ውሻው የማንም… አል…ነ…በ…ረም። አልነበረም። ውሻው የማንም አልነበረም።»

ላብ ግንባሯ ላይ ችፍ አለ። አንድ መስመር ነው፤ ደረጃ የወጣች ያህል አድክሟታል።

ትርጉሙን በቤታቸው ቋንቋ ስትነግራት ሚጢጢ ዐይኗ ፈጠጠ። «የሴትዮዋ አይደለም?»

«አይደለም። እኔ ነኝ የዋሸሁሽ።»

ሚጢጢ ይህን አሰላሰለችው፤ የተቀየመችም ትመስላለች። ሥዕሉን አየች፤ ራዲዮን አየች። ከዚያ ጠጋ ብላ ክርኗን ራዲዮ ጭን ላይ ተከለች።

«ታዲያ መጨረሻው ምንድን ነው?»

«አላውቅም» አለች ራዲዮ። «ገና አላነበብኩትም።»

ጣቷን ወደ ሁለተኛው መስመር አወረደች።