በከርከሮ ስብ የታሸችው ጠመንጃ

መምህር በቃሉ በበቆሎው ማሳ ዳር በደረቱ ተደፍቷል። ጥይቱ የገባው በጀርባው ነው። ዝንቡ ለጉድ ነው! ፖሊሷ ሃምሳ አለቃ ሸዋሉል መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ ይዛ ኪሱን ፈተሸች፤ የታጠፈ ወረቀት አግኝታ አነበበች፤ ፊቷን አጨማድዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ክልሉ ከተቋቋመ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ሟች ጠዋት ከሦስት ሰዎች ጋር፣ አዝመራ የሚያጠፋ ከርከሮ ሊያድን ከአሶሳ ወጥቶ ነበር። ሦስቱም አሁን እዚያው ቆመዋል። ይዘዋት የወጡት የአንዷ ጠመንጃ ባለቤት አቶ ጌትነት ከመሀል አገር ተመድቦ የመጣ የቢሮ ኃላፊ ነው። አበጀ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጣ ገበሬ፣ የማሳው ባለቤት። ሦስተኛው የበርታው አዳኝ ጁምዓ ነው፤ ጠመንጃዋን የሚጠርግ የሚንከባከባት እሱ ነው። ጁምዓ ዛፍ ላይ ታስሯል። ሚስቱ ኡምኩልሱም ከመንደር ሮጣ መጥታ እግሩ ሥር ተቀምጣለች።

«ለምን ታሰረ?» አለች ሸዋሉል።

«ሰውየውን የፈጀው የሱ ቸልተኝነት ነዋ!» አለ ጌትነት። «የጠመንጃዋን ውስጥ በስብ አጨማልቆት፣ ጥይት መቺዋ መርፌ ወደፊት እንደወጣች ተጣብቃ ቀረች። ሲያቀባብላት ቃታ ሳይነካ ባረቀችበት። በዓይኔ አይቻለሁ። ወህኒ ይውረድ!»

ሸዋሉል ጠመንጃዋን ከእጁ ተቀብላ ከፈተች። አሮጌ ናት፤ በተኮሰች ቁጥር ቀለሁን ተፍታ ቀጣዩን ጥይት ራሷ የምትጎርስ። መዝጊያዋ ውስጥ ነጭ ስብ ተጠቅጥቋል። በጣቷ ዛቅ አድርጋ አሸተተችው፤ ስቡ ውስጥ ሸካራ ጥቁር ፀጉር አለበት። ከስቡ ሥር ያለውን ብረት በጨርቅ ጠረገች፤ ጨርቁ በባሩድ ጥላሸት ጠቆረ። ከጎረሰቻቸው አሥር ጥይቶች ሰባቱ አሉ።

«ጋሽ አበጀ፣ ስንት ተኩስ ሰማህ?»

«ለከርከሮው ሁለት፣ እሱን በቃሉ ነው የጣለው። ኋላ ውሃ ልጠጣ ወንዝ ወርጄ ሳለሁ አንድ ጊዜ ጧ! አለ። ስመጣ ሁለቱ ሬሳው ጋ ቆመዋል፤ ጠመንጃው ያቶ ጌትነት እጅ ነበር። ‹ከጁምዓ ነጠቅሁት› አሉኝ። አብረን አሰርነው፤ እኔ እናንተን ልጠራ ሄድኩ።»

«ሄደህ እስክትመለስ ስንት ሰዓት ፈጀብህ?»

«ኧረ ሁለት ሰዓት ያልፋል።»

ወደ ጁምዓ ዞረች። «ጠመንጃዋን በምንድን ነው የምትቀባት?»

«ሰሊጥ ዘይት፣ ትንሽ። ከዚያ በጨርቅ እጠርጋለሁ። መዝጊያ ስነቀንቅ መርፌ ኪሽ ኪሽ ትላለች፣ አልተጣበቀችም፤ ጠዋት ሰማሁ። ጠመንጃ ለጌትነት ሰጠሁ፣ ሰላት ሄድኩ። ተኩስ ሰማሁ፣ መጣሁ፤ በቃሉ ወድቃለች።»

«ከርከሮውን ነክተኸዋል?»

ጁምዓ ምራቁን እንትፍ አለ። «አስተግፊሩላህ! ሐራም ነው። በእንጨት እንኳ አልነካም።»

ሸዋሉል ከርከሮው ወደወደቀበት ሄደች። እዚህ አገር ከርከሮ ለጅብ ነው የሚተወው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አይነካውም። የዚህ ሆድ ግን በስለት ተቀዶ፣ ስቡ ተዝቆ ወጥቷል። ተመልሳ ሁሉንም ዛፉ ሥር ሰበሰበች።

«ቢላ የያዛችሁ አውጡ» አለች።

አበጀ የጎኑን ቢላ አወጣ፤ የጁምዓንም ከወገቡ ፈቱለት። ጌትነት እያንገራገረ አንዲት ሴንጢ አስቀመጠ። ሸዋሉል ሦስቱንም አየቻቸውና ሴንጢዋን አነሳች።

«በተጣበቀ መርፌ የባረቀ እንዲህ ያለ ጠመንጃ አንዴ ተኩሶ አያቆምም፤ የጎረሰውን ሁሉ ይተፋል። ይህ ግን አንዴ ተኩሶ ሰባት አስቀርቷል። ስለዚህ ሰው ነው ቃታ የሳበው። ስቡ ሲተኮስ ውስጡ ቢኖር ኖሮ ባሩዱ ያጠቁረው ነበር፤ እንደ ወተት ነጭ ነው፣ ጥላሸቱ ከሥሩ ነው። ስለዚህ የገባው ከግድያው በኋላ ነው። ያን ጊዜ ጁምዓ ታስሯል፣ አበጀ ከተማ ነው። ጠመንጃዋ ማን ጋ ነበረች፣ አቶ ጌትነት?»

ሸዋሉል ሴንጢዋን ከፍታ ማጠፊያዋን አሳየች፤ ስብና ጥቁር ፀጉር ተወትፎበታል። አበጀ ፊቱን አዞረ።

«በቃሉ የትምህርት ቤት ጓደኛዎ ነበር» አለችው ሸዋሉል ጌትነትን፤ «ዲፕሎማዎ ፎርጅድ መሆኑን ለክልሉ ጽፏል። ደብዳቤውን ሳይልከው ቀደሙት፤ ኪሱ ውስጥ ነበር። ከርከሮ ሲበልቱ ያልተጸየፉ ሰው፣ ሬሳ መፈተሽ ከበደዎት!»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይኼ ነው! ጌትነት ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ ተነሳ፤ «ታዲያስ! አማርኛ እንኳ የማይጠራለትን ሰው ማን ያምነዋል ብዬ ነው!» አለ።

ሸዋሉልን አንገሸገሻት። የጁምዓን ገመድ በራሷ እጅ ፈትታ ለጌትነት አጠለቀችለት። ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣች።

«ጁምዓ፣ ያየኸውን ንገረኝ፤ እኔ እጽፍልሃለሁ።»

ጁምዓ የደነዘዘ እጁን አሻሸ፤ እስክሪብቶውን ከእጇ ተቀበለ።

«አይ። በቃሉ ፊደል አስተምራኛለች። እኔ እጽፋለሁ።»

መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ በተንጋደደ ፊደል፣ መጀመሪያ የበቃሉን ስም ጻፈ።