እኔ የሞላኋቸው ቲዩቦች

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነበርኩ፣ ጎረቤቶቼ ስለ ቡዳና ስለ ዛር ሲያወሩ «እባካችሁ ሌላ ጨዋታ አምጡ» የምል፣ ሥራዬም ላብራቶሪ ስለሆነ በምርመራ ካልተገኘ የለም ማለት ነው ብዬ የማምን፣ ደግሞ ልብ በሉልኝ፣ ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነው በጨለማ አይደለም፣ እሁድ ከምሳ በኋላ ነው፣ ፀሐይዋ አናት እየበሳች፣ ከመንገዱ ማዶ ካለው ቸርች መዝሙር እየተሰማ።

የምሠራው እዚሁ ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ የግል ላብራቶሪ ውስጥ ነው። የዛን ቀን ተረኞቹ እኔና ዱካሞ ብቻ ነበርን፣ ዱካሞ ሰባት ዓመት አብሮኝ የሠራ፣ ከሥራ ውጪ ሲያስቅ የሚውል፣ ጓንት ካጠለቀ በኋላ ግን ቀልድ የማያውቅ ሰው ነው። ደም ውስጥ የጉበት ቫይረስ የሚፈልግ ማሽን አለን፣ ቲዩቦቹን ከደረደርንለት ክንዱ ራሱ እየዞረ ይቀዳል፣ ለእያንዳንዱ ሰው ደም አዲስ ቲፕ፣ ማለት የፕላስቲክ መቅጃ ጫፍ፣ ይሰካል፣ የተጠቀመበትን ይጥላል፣ ምክንያቱም ከአንዱ ደም ቅንጣት ታህል ወደ ሌላው ከገባች ጤነኛውን በሽተኛ ነህ ብለን ሰደድነው ማለት ነው። ለዚህ ሲባል ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ አንዲት የውሃ ቲዩብ እናስቀምጣለን፣ ታሽጎ የመጣ ንጹህ ውሃ፣ ማሽኑ እሷ ውስጥ ምንም ማግኘት የለበትም፣ ካገኘ የሆነ ቦታ ብክለት አለና የዚያ ዙር ውጤት በሙሉ ይጣላል።

የዛን ቀን ውሃው ውስጥ ቫይረስ አገኘ። ውሃውን የሞላሁት እኔ ነኝ።

ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ አባት ይጠብቅ ነበር፣ ከመናኸሪያ በኩል በባጃጅ የመጣ፣ ሚስቱ ጠዋት የወለደች፣ ሐኪሙ ደግሞ የእናቲቱን ውጤት ሳያይ ስለ ሕፃኑ መድኃኒት አልወስንም ያለው። በመስኮቱ ብቅ ብሎ «እህቴ፣ ደረሰ?» አለኝ።

«ትንሽ ይታገሱኝ፣ እየደገምነው ነው።»

እንደ ደንቡ ሁሉን በበረኪና ወለወልን፣ ጓንትና ጋውን ቀየርን፣ አዲስ የውሃ ጠርሙስ ከፈትን፣ ቲዩቧን እንደገና እኔ ሞላኋት፣ ማሽኑም ተነሳ። ክንዱ ሲሠራ የለመድኩት ድምፅ አለው፣ ጠቅ ይልና ያልፋል፣ ጠቅ ይልና ያልፋል፣ የኔ ውሃ ጋ ሲደርስ ግን ቆመ፣ እመኑኝ፣ ቆመ፣ ቀስ ብሎ ወረደ፣ ወጣ፣ ደግሞ ወረደ፣ ቲፑ የቲዩቧን ግድግዳ ሲጭር ጥፍር ብርጭቆ ላይ የሚሄድ ይመስል ነበር፣ ከዚያ ማሽኑ መጮህ ጀመረ። ስክሪኑ ላይ የወጣው መልእክት ናሙናው ውስጥ የረጋ ነገር አለ የሚል ነው። ደም እንጂ ውሃ ይረጋል እንዴ? ቲዩቧን አውጥቼ ወደ መብራቱ አነሳኋት፣ ጥርት ያለ ውሃ ነው፣ መለስኳት፣ ማሽኑም ጨረሰ፣ ያው ቫይረስ፣ መጠኑን የሚያሳየው ቁጥርም ያው የመጀመሪያው።

«ደሞቹን እናውጣቸውና ውሃ ብቻ እንስጠው» አለ ዱካሞ። ከአንድ ጠርሙስ እሱ ስድስት ቲዩብ ሞላ፣ እኔ ስድስት። ውጤቱ ሲመጣ የሱ ስድስቱ ባዶ ናቸው፣ የኔ ስድስቱ ግን በሙሉ ቫይረስ አለባቸው፣ እስከ መጨረሻዋ አኃዝ አንድ ዓይነት ቁጥር። ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ማሽን እንደዚያ አይሳሳትም፣ አንድ ሰው እንኳ ሁለት ጊዜ ቢመረመር ቁጥሩ ትንሽ ይለያያል።

ያኔ የተናገርኩትን ብደብቃችሁ ደስ ባለኝ፣ «ውሃውን ዝም ብለን እንለፈውና የሰውየውን ውጤት እንስጠው፣ መሸበት» አልኩ።

ዱካሞ አየኝ። «ትዕግስት፣ ገና ዛሬ የተወለደ ልጅ ነው።» ከዚያ መርፌ አነሳ። «ክንድሽን አምጪ። ያንቺንም ደም አብሬ አስገባዋለሁ። ከዚያ በኋላ ውጭ ሆነሽ ጠብቂ፣ ምንም ነገር እንዳትነኪ።»

ወጥቼ አባትየው አጠገብ ተቀመጥኩ፣ እጆቼን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ የሌላ ሰው እጅ የማይ ይመስለኝ ነበር። ጣሪያው ላይ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ የሐይቁ ወፎች፣ ቆርቆሮውን ቋ ቋ ያደርጋሉ፣ በሌላ ቀን ልብ አልላቸውም፣ የዛን ቀን ግን አንድ በአንድ ነበር የምሰማቸው።

«ምነው እህቴ፣ ደህና አይደለሽም?» አለኝ ሰውየው።

«ደክሞኝ ነው።»

ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ዱካሞ ወጣ። እሱ የሞላው ውሃ ባዶ ነው። የሰውየው ሚስት ነፃ ናት። የኔም ደም ንጹህ ነው፣ ምንም የለበትም፣ ታዲያ ይህን ሲነግረኝ ሌላ ጊዜ እንደሚያደርገው ትከሻዬን አልነካኝም፣ ውጤቱ ያለበትን ወረቀትም በእጄ አልሰጠኝም፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጠልኝ።

አባትየው ግን እልል ሊል ምንም አልቀረው፣ ከመሸሼ በፊት በሁለት እጁ እጄን ያዘና ሳመው፣ አገላብጦ ሳመው፣ «ልጄን አሁን ሄጄ ልቀፈው» እያለ ሮጠ። ባጃጅ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ እጅዎን ይታጠቡ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር፣ ግን ለምን ቢለኝ ምን እለዋለሁ? ባጃጁ ታጠፈ፣ ስሙን እንኳ አልያዝኩም።

ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ ማሽኑን ፈታትቶ አየና ደህና ነው ብሎ ሄደ። እኔ አሁን እዚያው ካርድ ክፍል ተዛውሬያለሁ፣ ወረቀት ነው የምነካው። ዱካሞ ለማንም አልተናገረም፣ አንዳንዴ ግን ሰው በሌለበት «አንዴ ውሃ ሙይና እንሞክረው?» ይለኛል፣ እኔም እምቢ እላለሁ።

አራት ዓመት የሆናት ልጅ አለችኝ። በየሦስት ወሩ አባቷ ሳያውቅ ላብራቶሪ እወስዳትና ዱካሞ ደሟን ይቀዳልኛል፣ እስካሁን ምንም አልተገኘባትም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ባለፈው ወር ጭኔ ላይ ተቀምጣ፣ «እማዬ፣ አንቺም ደም መቅዳት ታውቂያለሽ አይደል? ለምን አንቺ አትወጊኝም?» አለችኝ።

«የዱካሞ እጅ አያምም» አልኳት።