ሳትፈሩ ተናገሩ

«ነጠላ ሰረዝ አድርጊና ቀጥዪ» አለች እናቷ። «ሠራተኛዋም በፈቃዷ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረች። ጻፍሽ?»

ልጅቷ አልጻፈችም። ጣቶቿ የተዋሱት ላፕቶፕ ላይ እንዳሉ ቀሩ። እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ያበጡ እግሮቿን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፋለች። ዓይኗን ጨፍና ስትናገር ከራሷ የምታወራ ሳይሆን ከመጽሐፍ የምታነብ ትመስላለች።

«በፈቃዷ?» አለች ልጅቷ።

«አዎ፣ በፈቃዷ። ምነው፣ ፊደሉ ጠፋሽ?»

እሑድ ከሰዓት ነበር፤ ጽሑፉ ደግሞ ነገ ጠዋት መግባት አለበት። እናቷ የአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት አንሶላ ስትተኩስ ኖራ፣ ዘንድሮ ተጠባባቂ የፈረቃ ኃላፊ ተደርጋለች። «ተጠባባቂ» የምትለዋ ቃል እንድትነሳላት ከፈለገች፣ ስለ ሠራተኞች ባሕርይና ስለ አመራር የሚሰጠውን ኮርስ ማለፍ ግድ ነው። ስለዚህ ከሥራ መልስ ትማራለች፤ እቤት ስትገባ ደግሞ ሽንኩርት እየከተፈች ልጅቷን ታስነብባለች። ልጅቷ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ብትሆንም ኮርሱን ከእናቷ እኩል ተምራዋለች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለቱም የወደዱት ሠራተኛው ሳይፈራ ሐሳቡን ስለሚናገርበት ድርጅት የሚያወራውን ምዕራፍ ነበር። «ይኼን ለጻፈው ሰውዬ አፌ ቁርጥ ይበልለት!» ብላ ነበር እናቷ። «እኔ ኃላፊ ስሆን ማንም ሰው አፉን ይዞ አይቀመጥም።» ልጅቷ ያን ቀን በእናቷ ኮርታለች።

የመጨረሻው የቤት ሥራ የተማሩትን በሥራ ቦታ ሞክሮ ውጤቱን መጻፍ ነው። እናቷም ሞከረችው። ስብሰባ ጠራች።

ልጅቷ ያን ዕለት ከትምህርት ቤት ወጥታ እንደ ልማዷ እናቷን ልትጠብቅ ማጠቢያ ክፍል ሄዳ ነበር። የታጠፉ ፎጣዎች አጠገብ ተቀምጣ ሳለ እትዬ መጣችና ጎኗ ቁጭ አለች። እትዬ ከእነሱ በታች ያለው ፎቅ ላይ ትኖራለች። ከእናቷ ጋር በአንድ ቀን ተቀጥረው፣ ኃላፊነቱ እስኪመጣ ድረስ በአንድ ማሽን ላይ ሠርተዋል። ማሽኑ አንሶላ የሚተኩስ የጋለ ሲሊንደር ነው። ሁለት ሰው አንሶላውን ከግራና ከቀኝ ይዞ ያስገባለታል፤ እጁን በጊዜ ያልሰበሰበ ይቃጠላል። እነሱ ግን አንዷ የሌላዋን እጅ ሳታይ ታውቀው ነበር።

አሁን የማሽኑ ፍጥነት ጨምሯል። እንግዳ በዛ ብለው ሥራ አስኪያጁ አዘዙ፤ እናቷ አስጨመረች። የእትዬ ሌባ ጣት በፕላስተር ተጠቅልሏል።

«ስሚ እስቲ» አለች እትዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይኼ የእናትሽ ስብሰባ የምር ነው ወይስ ለወጉ ያህል?»

«የምር ነው እትዬ! መጽሐፉን እኮ እኔ ነኝ ያነበብኩላት። ሳትፈሩ ተናገሩ ነው የሚለው። ተናገሪ፣ ደስ ነው የሚላት።»

ስብሰባው ተጀመረ። ሥራ አስኪያጁ በሩ አጠገብ እግራቸውን አነባብረው ተቀምጠዋል። እናቷ የተኮሰችውን ሸሚዝ ለብሳ መሐል ቆመች። «ዛሬ እዚህ አለቃ የለም» አለች። «ልክ እንደ ቤታችሁ ሁኑና ያስቸገራችሁን ተናገሩ።»

ሁሉም ጫማ ጫማውን ያይ ጀመር። ያመነቻት እትዬ ብቻ ነበረች። ብድግ አለች።

«ኧረ ሚጢጢ፣ ይኼ ማሽን ሊጨርሰን ነው!» አለች። «ያኔ ከእኔ ጋር ስትሠሪ፣ እንዲህ ሳይፈጥን እንኳ፣ ተቃጠልኩ እያልሽ ስትነፋረቂ አልነበር? ትንሽ ቀንሽልን እንጂ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሚጢጢ የእናቷ የልጅነት ቅጽል ስም ነው። ከእትዬ በቀር በዚህ ስም የሚጠራት የለም፤ እትዬም የምትጠራት እቤት ሻይ ሲጠጡ ብቻ ነበር። ከሁሉም በላይ የሳቁት ሥራ አስኪያጁ ናቸው።

«ሚጢጢ?» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ሚጢጢ አለቃ!»

ከዚያ ወዲህ ኮሪደር ላይ ባገኟት ቁጥር የሚጠሯት በዚሁ ነው። የማሽኑ ፍጥነት አልቀነሰም። በስብሰባው ማግስት እትዬ ከመተኮሻው ተነስታ ምድር ቤት፣ ከየክፍሉ የሚመጣ የቆሸሸ አንሶላ ወደሚለይበት ክፍል ወረደች። ማንም መሄድ የማይፈልግበት ክፍል ነው።

«በፈቃዷ አልሄደችም» አለች ልጅቷ አሁን። «አንቺ ነሽ የላክሻት።»

እናቷ ዓይኗን ገለጠች። «እና ምን ላድርግ? ትላንት ሰውየው በእንግዳ ፊት ሚጢጢ ብሎ ጠራኝ። ስንት ዓመት ለፍቼ፣ ስንት ነገር ችዬ፣ መሳቂያ አደረገችኝ። ቤቷ ያለች መሰላት!»

«እንደ ቤታችሁ ሁኑ ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«ይባላል እንጂ!» ብላ ጮኸች እናቷ፤ የእግሯ ውሃ ወለሉ ላይ ተረጨ። «እንደዛ ይባላል! ሰው ደግሞ መዝኖ ይናገራል። አንቺ ልጄ ነሽ ወይስ የእሷ ጠበቃ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጅቷን ውስጥ ውስጧን ሲበላት የከረመው ነገር ወጣ።

«ተናገሪ ያልኳት እኔ ነኝ። እናቴ ትፈልጋለች፣ ደስ ይላታል ብያት ነው።»

እናቷ ትክ ብላ አየቻት። ልጅቷ ቁጣ ጠበቀች፤ ጥፊም ቢሆን ትችለው ነበር።

«እንግዲያው አንቺም ተማርሽ» አለች እናቷ ረጋ ብላ። «ሁለተኛ ማንንም ተናገር አትበዪ። በይ አሁን ጻፊ።»

ልጅቷ ላፕቶፑን አንስታ አልጋው ላይ፣ እናቷ ጎን አስቀመጠችው። «የቀረውን ራስሽ ጻፊው።»

«ጠዋት ነው እኮ የማስረክበው! እጄ እንደማይፈጥን እያወቅሽ?»

ልጅቷ ወደ በሩ ራቅ አለች። እናቷ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ ጎትታ፣ በአንድ ጣት ፊደል ፍለጋ ጀመረች። አንዱን ነክታ ቀና ትላለች፣ ተሳስታ ታጠፋለች። የልጅቷን አንጀት በላችው። ሮጣ ሄዳ «አምጪው በቃ» ልትላት ምንም አልቀራትም። ግን ጫማዋን አደረገችና ወደ እትዬ ቤት ወረደች።

እትዬ በሩን ስትከፍት የበረኪና ሽታ አብሯት መጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ገና ሳታንኳኳ «ግቢ የእኔ ልጅ» ትባል ነበር። ዛሬ እትዬ የበሩን እጀታ እንደያዘች ቆመች።

«እትዬ፣ ተናገሪ ብዬሽ ነው እኮ እንዲህ የሆንሽው» አለች ልጅቷ። «እንደዚህ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

እትዬ ከልጅቷ ትከሻ በላይ ወደ ደረጃው አየች፤ ማንም የለም። ፊቷ ግን ትንሽ ፈታ አለ።

«እናትሽ ናት የላከችሽ?»

ድምፅዋ ውስጥ አዎ በይኝ የሚል ነገር ነበር። ይህ ልጅቷን አልጠፋትም። አዎ ብትል ነገሩ ያበቃል። እትዬ እናቷ ጋ ትወጣለች፣ እናቷ ትደነግጣለች፣ ምናልባትም ሁለቱ ተላቅሰው ይታረቃሉ። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ያን ቀን ፎጣዎቹ አጠገብም ልክ እንዲህ ሰው ደስ የሚያሰኝ ነገር ነበር የተናገረችው።

«አይ» አለች። «አልላከችኝም። እኔ ነኝ የመጣሁት።»

የእትዬ ፊት መልሶ ተዘጋ። ራሷን ነቀነቀችና የተጠቀለለ ጣቷን ታሻሽ ጀመር። በሩን አልዘጋችም፤ ግቢም አላለችም። ልጅቷ ሂጂ ወይም ግቢ እስክትላት ድረስ እዚያው በሩ ላይ ልትቆም ወሰነች።