የአንድ ጠዋት አጎት

«እርስዎ እንዳሉ ይሁን፣ መምህር» አሉ ጋሽ ገላው፣ ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው። «ልጅቷ ከምትንገላታ እዚያው ካራ፣ ቤቷ አጠገብ ትማር። መሸኛዋን ይስጡን።»

በሩ ሥር የቆመችው ኢፍቱ ክው ብላ ቀረች። መሸኛ ከተሰጣት ከዚህ ትምህርት ቤት ለቀቀች ማለት ነው። የተነጋገሩት እንዲህ አልነበረም።

ጋሽ ገላው አጎቷ አይደሉም። ሲግናል ታክሲ ተራ ሰልፍ የሚያስከብሩ፣ ከትምህርት ቤት ስትወጣ የካራ ታክሲ ውስጥ ቦታ የሚይዙላት ሰው ናቸው። ማርፈድ አብዝተሻል፣ ወላጅ አምጪ መባሏን ጠዋት ስትነግራቸው አንጀታቸው አልቻለም። ለነገሩ ወላጅ መዋስ በዚህ ትምህርት ቤት አዲስ ነገር አይደለም፤ የሰፈሩ ሊስትሮም ጥበቃም አንድ ቀን የአንዱ ተማሪ አጎት ሆኖ ያውቃል። «ሁለተኛ አይለመዳትም» ብለው ይቅርታ ጠይቀው እንዲወጡ ነበር የተነጋገሩት። ዩኒት ሊደሩ መምህር ወልደሰንበት ግን ለምን እንደምታረፍድ በትሕትና ጠየቁ። ጋሽ ገላው የካራን መንገድና የታክሲውን ሰልፍ አስረዱ። መምህሩ ታዲያ ቅርቧ ብትማር አይሻልም ወይ ሲሉ፣ ከአስተማሪ ጋር መከራከር ነውር የሚመስላቸው ጋሽ ገላው ተስማምተው አረፉት።

«እኛ ተማሪ አናባርርም» አሉ መምህር ወልደሰንበት። «ወላጅ ከጠየቀ ግን እንሰጣለን። ነገ ጠዋት መጥተው ይፈርሙ።»

ግቢው በር ላይ ጋሽ ገላው ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ። ያለ ቁጣ መጨረሳቸው አስደስቷቸዋል። ኢፍቱም አመሰገነቻቸው። ሌላ ምን ትበላቸው?

ይህ አራተኛ ትምህርት ቤቷ ነው። እናትና አባቷ ከሞቱ በኋላ ሁለት አክስቶቿ ዘንድ ተራ በተራ ኖራለች፤ ከዚያ ሲግናል አካባቢ ያለ የሕፃናት ማሳደጊያ ገባች። ቤት በተቀየረ ቁጥር ትምህርት ቤትም ይቀየራል። ስለ ዕፅዋት ሦስት ጊዜ ተምራለች፤ እኩልዮሽ ግን በደረሰችበት ሁሉ «ባለፈው ያየነው» ነበር። ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት፣ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። የሒሳብ መምህሯ በእረፍት ሰዓት ከሥሩ ጀምረው እያስረዷት፣ ኤክስ ምን እንደሆነ ገና አሁን ሊገባት ጀምሯል። ከክፍሏ መስኮት የእንጦጦ ተራራ ይታያል። የአንድ ክፍል መስኮት ምን እንደሚያሳይ በቃሏ ስታውቅ የመጀመሪያዋ ነው፤ ይህን ትታ መሄድ አልፈለገችም።

በጥቅምት ካራ ያሉት እትዬ አስካለች በአደራ ሊያሳድጓት ሲቀበሏት የለመነቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ትምህርት ቤቴን አልቀይር። እሳቸውም መንገዱን ከቻልሽው እሺ አሏት። እችለዋለሁ አለች። አሁን አልቻልኩትም ብላ እንዴት ትንገራቸው? ሁለተኛዋ አክስቷ አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት ተጠርተው ነበር። ሲመለሱ ምንም አልተናገሩም፤ ግን ሳምንቱ ሳያልቅ የኢፍቱ ልብስ በፌስታል ተቋጠረ።

በእረፍት ሰዓት ለጓደኛዋ ለትንሳኤ ሁሉንም ነገረቻት። ትንሳኤ ሳቋ አመለጣት፤ ኢፍቱ እንባዋ እንደመጣ ስታይ ግን ወዲያው መላ አመጣች።

«ቀላል ነው። ነገ አባት እናመጣለን። አባት አጎትን ይሽራል።»

«የማንን አባት?»

«ያንቺን ነዋ። የፑል ቤቱን ሰውዬ አናግረዋለሁ። ቁመናው ራሱ አባት ነው፣ ሙድ አለው።»

ኢፍቱ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። አጎት መዋስ አልከበዳትም፣ በሕይወቷ አጎት ኖሯት አያውቅም። አባቷን ግን ታስታውሳለች። ዝናብ ሲሆን ኮቱን አውልቆ ራሷ ላይ ጣል ያደርግላት ነበር። በእሱ ቦታ የፑል ቤቱ ሰውዬ መምህር ወልደሰንበት ፊት ቆሞ «ልጄ» ሲላት ታያት፤ አንገሸገሸት። ደግሞስ የተዋሱት አባትም እንደ ጋሽ ገላው ከመምህሩ ጋር ቢስማማ ማን ሊመጣ ነው?

«ተዪው» አለች ትንሳኤን።

ካራ ስትወርድ እትዬ አስካለች ሱቃቸው ደጃፍ የሳሙና ካርቶን እየከፈቱ ነበር። ምሳ ዕቃዋን ተቀበሏትና እንደ ሁልጊዜው መብላቷን ለማየት ከፍተው አዩት። አልተነካም ነበር። አሟት እንደሆነ ጠየቋት።

ኢፍቱ አላመመኝም አለች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ ከማርፈዷ ጀምራ እስከ መሸኛው ድረስ ሳታቋርጥ ነገረቻቸው። እትዬ አስካለች ካርቶኑን መክፈት አቆሙ። ምንም አልተናገሩም። ኢፍቱ ይህን ዝምታ ታውቀዋለች። ዓይኗ ከሱቁ ጀርባ፣ ልብሷ ወዳለበት ጓዳ ሄደ።

እትዬ አስካለች ወደ ውስጥ ገቡ። ሲወጡ ግን ፌስታል አልያዙም፤ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ቀሚስ እጃቸው ላይ ጣል አድርገው ብርሃን ላይ እያዩት ነበር።

«ይሄ ተኩስ ይፈልጋል» አሉ። «መንገዱ እንደከበደሽ ያልነገርሽኝ እኔን ፈርተሽ ነው?»

ኢፍቱ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«በመንገዱ ነገር ማታ እንነጋገራለን። በይ፣ ነገ መምህሩ ሲጠይቁኝ ማን ነኝ ልበል?»

ጋሽ ገላው ይህን አልጠየቋትም ነበር። ኢፍቱ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች።

«አሳዳጊዋ ነኝ ይበሉ» አለች ቀስ ብላ። «ቤታችን ካራ ነው፣ ትምህርቷን ግን እዚሁ ትጨርስ ይበሉልኝ። የአጎቴን ነገር ደግሞ... እውነቱን ለመምህሩ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

እትዬ አስካለች ቀሚሱን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ለፈተና እንደሚያጠና ሰው በከንፈራቸው ደገሙት።

«ቤታችን ካራ ነው...»