ከመርዶው በፊት የወጣው ጽሑፍ

አሜሪካ፣ ከሲያትል በስተደቡብ ባለችው ኬንት ከተማ ውስጥ፣ ከዕቃ መጋዘኖቹ ጀርባ ባለ አንድ አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ አራት ነፍስ ይኖር ነበር። አቶ ይርጉ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ የኔነሽ፣ ልጃቸው እሴይና የመጨረሻዋ ልጃቸው ቢታንያ። ድሮ የሚኖሩት ሲያትል፣ ማውንት ቤከር በሚባል ሰፈር ነበር፤ ኪራዩ አልቀመስ ሲል እንደ ብዙዎቹ ወደ ደቡብ ወረዱ። አቶ ይርጉ መጋዘን ውስጥ ሣጥን ሲያነሱ ወገባቸው ተጎድቶ ከሥራ ከቀሩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ወይዘሮ የኔነሽ ከሲያትል በስተሰሜን፣ ሾርላይን ውስጥ አንዲት አሮጊት ይጦራሉ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያው ያድሩና ዓርብ ማታ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ልባቸው ደካማ ነው። ሐኪሙ አንዱ የልባቸው ክዳን በደንብ እንደማይዘጋ፣ አንድ ቀን ቀዶ ጥገና ማስፈለጉ እንደማይቀር ነግሯቸዋል። እስከዚያው ከድንጋጤ ይጠበቁ ብሏል። ከድንጋጤ ይጠበቁ… እንዲህ ያለውን ትእዛዝ በዚህ ዓለም ማን ሊፈጽመው ይችላል?

እሴይ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ኮሌጁን በሁለተኛው ዓመት ትቶ የጭነት መኪና ሾፌር ሆነ። ለምን ተውከው ሲሉት ይስቅና መንገድ እወዳለሁ ይላል። ቢታንያ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት፤ የምትማረው ጋዜጠኝነት ነው። ይህም በቤተ ክርስቲያናቸው ብዙ አስወርቷል። ልጆቻቸው ነርሲንግ የሚማሩላቸው እናቶች ወይዘሮ የኔነሽን በሐዘኔታ ያዩአቸዋል። አንድ እሑድ ከስብከት በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ሙላው፣

«ሶ፣ በቲቪ የምናይሽ መቼ ነው?» አሏት።

ቲቪ ላይ እንደማትወጣ፣ እሷ የምትጽፍ እንደሆነች አፏ ውስጥ እያጉተመተመች አስረዳች።

«ኦኬ፣ የማትታይ ጋዜጠኛ ነሽ ማለት ነው።»

በዙሪያው የነበሩት ሳቁ። ቢታንያ መሬት መሬት ታይ ጀመር። እሴይ ግን ትከሻዋን አቅፎ፣ «ምን አለበት ጋሽዬ፣ ቢያንስ የእሷን ሲያነቡ ሰዎች አይተኙም» ሲል፣ በዚያ ቀን የሰበኩት ጋሽ ሙላው ራሳቸው ከሁሉም በላይ ሳቁ። እንዲህ ነበር እሴይ። እህቱ አንገቷን በደፋች ቁጥር ቀና የሚያደርጋት እሱ ነበር።

ቢታንያ ዓይናፋር ናት። ሰው ፊት ቆማ ጥያቄ መጠየቅ ያስጨንቃታል፤ ስትጽፍ ግን አትፈራም። የተማሪዎቹ ጋዜጣ ላይ ስሟ ከጽሑፍ በላይ ሲወጣ ብቻዋን ደጋግማ ታየዋለች። ከመምህሯ ብዙ ነገር ተምራለች። ሳታረጋግጪ አትጻፊ ተብላለች። ሰው ሲሞት ደግሞ ለቤተሰቡ ሳይነገር ስሙን አታውጪ ተብላለች። ሁለቱንም በደብተሯ ጽፋ ከሥራቸው አስምራባቸዋለች። ታዲያ እንዲህ አስምራ የያዘችው ሕግ በራሷ ቤት ላይ እንዴት ተሰበረ?

የጥር ወር አንድ ዓርብ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ላይ፣ ሁለት ፖሊሶች የአቶ ይርጉን በር አንኳኩ። የእሴይ መኪና በተራራው መንገድ በረዶ ላይ ተንሸራቶ ገደል ገብቷል። ልጁ በሕይወት ሐኪም ቤት አልደረሰም። አቶ ይርጉ በሩን እንደያዙ ቆሙ። ፖሊሶቹ ሌላ ሊነገረው የሚገባ ሰው አለ ወይ ብለው ሲጠይቋቸው፣ በቻሉት እንግሊዝኛ እኛ እንነግራለን አሉ። ከዚያ ለጋሽ ሙላው ደወሉ።

ጋሽ ሙላው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደረሱ። ይህች እናት ሾርላይን ላይ፣ በሰው ቤት፣ በስልክ መርዶ አትሰማም አሉ። ማታ ወደ ቤቷ ትምጣ፤ ትብላ፤ ትተኛ። እህቷ ሚርያም ከፖርትላንድ በመኪና ትድረስ። ከዚያ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጋቢውና ሽማግሌዎቹ፣ ነርስ የሆነች አንዲት የቤተ ክርስቲያኑ አባል ጭምር፣ አንድ ላይ ይገባሉ፤ ዙሪያዋን ይዘው ይነግሯታል። መርዶ እንዲህ ነው። ሰው ልጁን ሲያጣ ቢያንስ የሚይዘው እጅ ይኑር ተብሎ የተሠራ ወግ ነው። ጋሽ ሙላው ለሚቀርቡት ሁሉ ኮል እያደረጉ አስጠነቀቁ። አርባ ያህል ሰው አወቀ። አርባውም ሰው በዚያ ቀን አፉን ዘጋ።

ቢታንያ ከክፍል ተጠርታ በባቡር ኬንት ስትደርስ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር። አባቷ ነገሯት። ልትጮህ አፏን ስትከፍት ጋሽ ሙላው እጇን ያዙና እናቷ ማታ እንደምትመጣ፣ ዓይኗ አብጦ ካየቻት ሁሉም ነገር እንደሚበላሽ፣ ስለዚህ ለዛሬ እንደምንም እንባዋን እንድትይዝ ለመኗት። ፊቷን እንድትታጠብ ነገሯት። ታጠበች። ማልቀስ የተከለከለች ልጅ ምን ታድርግ? የወንድሟን ክፍል ከፍታ ገባች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ጻፈች።

ስለ እሴይ ጻፈች። ስለ ሳቁ፣ ከጉዞ ሲመለስ በር ላይ ጫማውን ሳያወልቅ ቢቲ ብሎ ስለሚጠራት፣ መንገድ ይወድ እንደነበረና መንገድ እንደወሰደው። በእንግሊዝኛ ነበር፤ በአማርኛ ቢሆን እጇ እሺ አይላትም ነበር። ስትጨርስ ለጋዜጣው አዘጋጅ ላከችው። አዘጋጇ ሁለት ጊዜ አነበበችውና የሚጠየቀውን ጠየቀች፤ ለቤተሰቡ ተነግሯል ወይ?

«አዎ። እኔ ቤተሰቡ ነኝ» ብላ ጻፈችላት።

በሙያው ሕግ ውሸት አልነበረም። ፖሊስ ነግሯል፤ አባት ሰምቷል። በዚያ አገር ቤተሰብ ተነገረው የሚባለው አንድ ሰው ሲሰማ ነው። በእነሱ ቤት ግን እናት ሳትሰማ ቤተሰብ ሰማ አይባልም… ይህን ቢታንያ አታውቅም ነበር? ታውቅ ነበር። እናቷ እንግሊዝኛ እንደማታነብ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሰውም የተማሪ ጋዜጣ የሚከፍት እንደሌለ ለራሷ ነገረች። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ጽሑፉ ወጣ። መምህሯ ወዲያው ጻፉላት፤ እጅግ ውብ ነው አሏት። ያነበበው ሰው ቁጥር መቶ፣ ከዚያም አራት መቶ ገባ። ቢታንያ በሞተ ወንድሟ አልጋ ላይ ተቀምጣ ቁጥሩን ታይ ነበር። ለጥቂት ቅጽበትም ደስ አላት። ዛሬም ድረስ፣ ከሁሉም በላይ አንገቷን የሚያስደፋት ያቺ ቅጽበት ናት።

ወይዘሮ የኔነሽ ከሾርላይን በቀላል ባቡር መሐል ከተማ ደርሰው፣ የኬንቱን ባቡር ለመሳፈር መድረኩ ላይ ቆመው ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የማውንት ቤከር የድሮ ጎረቤታቸው፣ ልጇ ያሳየቻትን ጽሑፍ አይታ፣ ለእናት ገና እንዳልተነገረ ሳታውቅ መልእክት ላከችላቸው። «የኔዬ፣ ጌታ ያጽናናሽ። የእሴይን አሁን አየሁ። ምን ልበልሽ?» ይላል። ወይዘሮ የኔነሽ ለእሴይ ደወሉ። ስልኩ ዝግ ነው። ለባላቸው ደወሉ። አቶ ይርጉ ምስጢሩ እንደተጠበቀ ነው የሚመስላቸው፤ ደህና የሚመስል ድምፅ አወጡ።

«ነይ እንጂ፣ ሾርባ ሠርቼልሽ እየጠበቅኩሽ ነው።»

«እሴይስ?»

«ደህና ነው። መንገድ ላይ ነው።»

ሠላሳ ዓመት አብረው ኖረዋል። አቶ ይርጉ ሾርባ ሠርተው አያውቁም። ወይዘሮ የኔነሽ ስልኩን ዘጉ፤ ቦርሳቸውን በጥንቃቄ መሬት ላይ አስቀመጡ፤ ከዚያ ከሥራ ወደ ቤቱ በሚጣደፍ ሕዝብ መካከል በጉልበታቸው ወደቁ።

መከራ ብቻውን ቢመጣ ምን አለበት? ወይዘሮ የኔነሽ ሐኪም ቤት ተኝተው፣ በአፍንጫቸው ቱቦ እንደተሰካ፣ ልጃቸው ያለ እሳቸው ተቀበረ። ቅዳሜ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት መርዶውን ይዘው ሊገቡ የነበሩት ሰዎች በሐኪም ቤቱ ኮሪደር ተደርድረው ቆሙ፤ የሚነግሩት ነገር አልነበራቸውም። ማን ነገራት የሚለው ጥያቄ ከአፍ ወደ አፍ ዞረ። አንዱ የጎረቤቷን ስም አነሳ፤ ያቺ ምስኪን ሴት ለቀብር መጥታ ሰዎች ጀርባቸውን ሰጧት። ቢታንያ አየች። ሴትየዋ ብቻዋን በዝናብ ወደ መኪናዋ ስትሄድ እያየች፣ እኔ ነኝ ማለት አቃታት። ስለ እውነት የምትማር ልጅ አንገቷን ደፋች።

በአምስተኛው ቀን አቶ ይርጉ ከሐኪም ቤቱ በታች ባለው ካፍቴሪያ ከልጃቸው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ጽሑፉን አንድ ሰው በስልካቸው ልኮላቸው ነበር። ረዥሙን እንግሊዝኛ ለማንበብ አልሞከሩም።

«ስምሽን ከላይ አየሁት» አሉ።

ቢሰድቧት፣ ቢመቷት፣ ምነው ባልተወለድሽ ቢሏት ይቀላት ነበር። ሻያቸውን ሳይነኩ ተነሥተው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ በገባችበት ሰዓት ሁሉ አንድ ጉዳይ ያገኙና ከክፍሉ ይወጣሉ። ቢታንያ የዚያኑ ዕለት ለጎረቤታቸውም፣ ለጋሽ ሙላውም እውነቱን ተናገረች። ሴትየዋ ስልኩ ውስጥ አለቀሰች። ጋሽ ሙላው፣ ለእናትሽም አንቺው ንገሪያት አሏት። ነገር ግን በየቀኑ እናቷ አልጋ አጠገብ ትቀመጣለች፤ በየቀኑ ሳትነግራቸው ትወጣለች። ቀዶ ጥገናው ለሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ተቀጠረ። ሐኪሙ ልባቸው በጣም እንደደከመ፣ ተስፋው ግማሽ በግማሽ እንደሆነ አልደበቀም። ለይቅርታ የቀራት እስከ ሐሙስ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ የኔነሽ ራሳቸው ጀመሩት። ድምፃቸው ከሹክሹክታ አያልፍም።

«አንቺ የጻፍሽው ነው አሉኝ።»

ቢታንያ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«መንገርሽ አይደለም የጎዳኝ» አሉ እናት። «መቼም እሰማው ነበር። ብቻዬን ነበርኩ፣ ቢቲ። ፈረንጆቹ ከበቡኝ፤ አንዷ እጄን ይዛ ምን ሆንሽ ትለኛለች። ልጄ ሞተብኝ ለማለት እንግሊዝኛው ጠፋኝ። ሶሪ፣ ሶሪ እላቸዋለሁ። መንገድ ዘጋሁባቸው ብዬ…»

ቢታንያ ከወንበሯ ወርዳ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ግንባሯን የአልጋው ብረት ላይ ደፋች። ይቅርታ የሚለው ቃል ትንሽ ሆነባት። እናቷ ግን አላበቁም። አንብቢልኝ አሏት። የጻፍሽውን በአማርኛ አድርገሽ አንብቢልኝ። እምቢ ማለት አልቻለችም። ስልኳን አወጣችና ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ መለሰችላቸው። ስለ ሳቁ ስታነብ ወይዘሮ የኔነሽ ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ አሉ። ያ መምህሯ ያደነቁት ቦታ፣ እሴይ መንገድ ይወድ ነበር የሚለው ላይ ስትደርስ ግን እጃቸውን አነሡ።

«እሱ ስሕተት ነው።»

«ምኑ፣ እማዬ?»

«እሴይ መንዳት ይፈራ ነበር። በረዶ ሲባል እጁን ያልበዋል። መንገድ ላይ ሆኖ እየደወለ ጸልዪልኝ ይለኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ትምህርቱን ተወ?»

ወይዘሮ የኔነሽ እውነቱን አወጡት። አባቷ ወገባቸውን ሲጎዱ፣ ከሁለቱ ልጆች አንዱ ትምህርቱን ትቶ ቤቱን መያዝ እንደነበረበት ነገሯት። አባቷ እሱ ይማር፣ እሷ ገና ናት፣ ትቆይ ብለው ነበር። እሴይ እምቢ አለ።

«እሷ ጭንቅላት አላት አለ። ደግሞም እንዳትነግሯት አለን። ካወቀች ታፍራለች፣ ትተወዋለች አለ።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው እንዴት እንደሚጠየቅ ስትማር፣ አንድ ቀን እንኳ ወንድሟን በእውነት ጠይቃው ታውቃለች? ለምን ትስቃለህ ብላው ታውቃለች? የማታውቃቸውን ሰዎች ለምን፣ እንዴት፣ መቼ ስትል፣ የሚያስተዳድራትን ሰው አልጠየቀችም። ለስንብቱ በጻፈችው ገጽ ላይ እንኳ ውሸቱን ይዞ እንዲቀበር አደረገችው… ቢታንያ ያን ጊዜ አለቀሰች። ከዚያ ዓርብ ጀምሮ የተዘጋው ሁሉ ወጣ። እናቷ ለተሰካላቸው መርፌ ሳይጠነቀቁ እጃቸውን ዘርግተው ራሷን ዳበሱ።

«አስተካክዪው» አሏት። «ልጄ ያልሆነውን ሆኖ እንዳይቀር። እኔ አንቺን ይቅር ብዬሻለሁ። አባትሽን ግን ታገሺው፤ እሱ በዚያ ቀን በውሸት ድምፅ ያናገረኝን አልረሳም፤ ከአንቺ ይልቅ ከራሱ ጋር ነው የተጣላው።»

ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ የኔነሽ ወደ ቀዶ ጥገና ገቡ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሐኪሙ ጓንቱን አውልቆ ወጣ። በኮሪደሩ አባትና ልጅ በአንድ አግዳሚ ወንበር ሁለት ጫፍ ተቀምጠው ነበር። መሐላቸው ያለውን ቦታ መጀመሪያ የተሻገረው ማን እንደሆነ ማንም አላየም። ሐኪሙ ወይዘሮ የኔነሽ እንዳረፉ ተናግሮ ሲጨርስ ግን አቶ ይርጉ የልጃቸውን ራስ በደረታቸው ይዘውት ነበር፤ እንዲህ ሲነገራት የሚይዛት ሰው እንዳይጠፋ።

በሚቀጥለው ሳምንት በጋዜጣው ላይ፣ ከጽሑፉ ግርጌ፣ በትንንሽ ፊደላት ይህ ታተመ፦ «እርማት። ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ እሴይ ይርጉ ሾፌር የሆነው መንገድ ስለሚወድ ነው የተባለው ስሕተት ነው። መንገድ ይፈራ ነበር። ሾፌር የሆነው እህቱ እንድትማር ነው። እህቱ አልጠየቀችውም።»

ይህን ታሪክ ለምታነቡ ሁሉ፣ ጥፋቱ የማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ እኔም መልሼ እጠይቃችኋለሁ። በረዶው ነው? ስልኩ ነው? እህቱ እንዳታፍር ብሎ የደበቀው ልጅ ነው? ዕጣ ክፍላችን እንዲህ ነበር ብለን እንዳናልፈው እንኳ፣ ዕጣ ያልሠራውን እኛ የሠራነው ብዙ ነው። ቢታንያ ትምህርቷን አልተወችም፤ ብትተው የወንድሟ ሕይወት በከንቱ ይቀራል። ግን ሰዎች ምን ትማሪያለሽ ሲሏት እስካሁን ድምፅዋ ይቀንሳል። ስሟንም ከጽሑፉ ላይ እንዲያነሱት ለመነች፤ አልተፈቀደላትም። እዚያው አለ፤ የፈለገ ሁሉ ያየዋል።